የስምንተኛ ለ መምህር ጆሮ

ጥቅምት 4

ለምወድሽ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? የሰውዬሽስ ወገብ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በሰዓቱ ክፍል እገባለሁ። ሁለት ደብዳቤ አከታትለሽ ስትልኪ ዝም ማለቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ትምህርት ሲከፈት አስተማሪ ከሰው አይቆጠርም። አንቺም ዩኒፎርም ሰፊ ስለሆንሽ የሰሞኑን ግርግር ታውቂዋለሽ።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ለሦስተኛ ጊዜ ጠይቀሻል። እንግዲህ ላንቺ ካልተናገርኩ ለማን እናገራለሁ። ቀኝ ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ግራው ደግሞ ቀስ በቀስ እሱን ተከትሎ እየሄደ ነው። በስልክ የሰው ድምፅ የንብ ቀፎ ይሆንብኛል። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ረጋ ብሎ ከተናገረ ግማሹን ከከንፈሩ እለቅማለሁ፣ ግማሹን እገምታለሁ። ሐኪሙ የነርቭ ነው፣ የሚመለስ አይደለም ብሎኛል። ስለዚህ ጻፊልኝ እንጂ አትደውዪልኝ።

ለዳይሬክተሩ? አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። አምና የጂኦግራፊው መምህር ዓይኑ ሲደክም «ዕረፍት ያስፈልገዋል» ተብሎ የመጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ ተደረገ። ዛሬ ውሎው ከአቧራና ከአይጥ ጋር ነው። ሰላም ስለው እንኳ ማን እንደሆንኩ አይለየኝም። እታለም፣ እኔ ከክፍል ከወጣሁ ምን እሆናለሁ? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያለኝ ስምንተኛ ለ ነው። አርባ አንድ ልጆች፣ አምና ሰባተኛ ከነበሩ ጀምሮ እንግሊዝኛ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። እነሱን ከወሰዱብኝ የቀረውን ጆሮዬንም ይውሰዱት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ዘንድሮ ፓሲቭ ላይ ደርሰናል፤ «አናጺው ወንበሩን ሠራ» የሚለውን «ወንበሩ በአናጺው ተሠራ» ወደሚለው ማዞር። ለአንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ግን ላሁን፣ ላለፈው፣ ላለቀውና ለሚመጣው ሁሉ ነው። ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ብሠራ ልጆቹ ይገለብጡታል እንጂ አይገባቸውም። ከሱቅሽ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ካለሽ በአራት ዓይነት ቀለም ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው እነግርሻለሁ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 21

አንተ ጭምት፣

ሰላም ነህ? እኔስ ሰላም አይደለሁም። ከደብዳቤህ ወዲህ መርፌ በጣቴ እንጂ በጨርቁ አልገባ ብሎኛል።

እኔን! ሁለት ዓመት ሙሉ? እኔ ደግሞ ስልክ የማያነሳው ኮርቶ ነው እያልኩ ስንቱን ሐሜት አወራሁብህ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ያንተስ ጭራሽ ባሰበት። መቀለዴን ይቅር በለኝ። ካልቀለድኩ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ የሰው ልብስ አበላሻለሁ።

አሁን ስማኝ፤ ማለቴ አንብበኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ጆሮህ እንጂ ጭንቅላትህ አልደነቆረ፣ ምን አሳፈረህ? ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብተህ «ጌታዬ፣ አልሰማም፣ ግን አስተምራለሁ» በለው። መጋዘን ከሰደደህም ከአይጦቹ ጋር ትኖራለህ፤ እኔም ከነልጆቼ መጥቼ አብሬህ አቧራ አራግፋለሁ። አንተ ግን ገና ድሮም እናታችን «ጥርስህን አሞሃል ወይ?» ስትልህ ጉንጭህ አብጦ «የለም» የምትል ልጅ ነበርክ። ያኔ መልስህን አንቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ሩቅ ሆንኩ እንጂ ዛሬም አንቅህ ነበር።

ጨርቁን ልኬያለሁ። ነጭ ከሸሚዝ፣ ግራጫ ከሱሪ፣ ሰማያዊ ከቀሚስ። አራተኛውን ስላጣሁ የሰውዬውን አሮጌ ፒጃማ፣ ባለመስመሩን፣ ቀድጄ ጨመርኩ። እስካሁን እየፈለገው ነው።

ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምትሆን ግን ጻፍልኝ። ልጁ ሲመልስ ካልሰማህ ልክ መሆኑን በምን ታውቃለህ?

እህትህ

ኅዳር 14

ለእታለም፣

ጤና ይስጥልኝ። ጨርቁ ደርሷል። ለፒጃማው ባለቤት ይቅርታዬን አድርሽልኝ፤ ለትምህርት መሥዋዕት ሆኗል በይው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሌዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠርኩ። ቃላቱን በካርቶን ጽፌ በልብስ መቆንጠጫ እሰቅላለሁ። «አናጺው» መጀመሪያ ላይ፣ «ሠራ» መሐል፣ «ወንበሩ» መጨረሻ። አንድ ልጅ ይወጣና ወንበሩን አንስቶ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ አናጺውን ወደ ኋላ ወስዶ «ባይ» የሚለውን ካርቶን ያስቀድምለታል። ከዚያ በመሐላቸው ጨርቅ ይሰቅላል። ነጩ «ኢዝ» ነው፣ ለዘወትር። ግራጫው «ዋዝ» ነው፣ ላለፈው። ሰማያዊው «ዊል ቢ»፣ ለሚመጣው። «ሃዝ ቢን»ን ለፒጃማው ሰጠሁት። ትናንት ተጀምሮ ዛሬ ላይ ስለደረሰ ሁለት ቀለም ይገባዋል አልኳቸው፤ ሳቁ። ሲስቁ አያለሁ፣ ትከሻቸው ይነቃነቃል።

በምን ታውቃለህ ላልሽው፣ መልሱ ይኸው፤ በዓይኔ። ጨርቁ ልክ ከሆነ ልክ ነው። የልጁን አፍ መስማት አያስፈልገኝም። «ትክክል ነው ያላችሁ እጃችሁን አንሡ» እላለሁ። እጆቹ ከተነሡ ራሴን ነቅንቄ «በጣም ጥሩ» እላለሁና ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። የሚገርምሽ፣ ልጆቹ ዘንድሮ ጨዋ ሆነዋል። ሳልጠይቃቸው ተነሥተው ሰሌዳው ድረስ ይመጣሉ፤ ሲናገሩ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው ነው። እንዲህ ያለ ክፍል በሃያ ዓመቴ ገጥሞኝ አያውቅም።

ስሕተት ሞልቷል። «ባሱ ተመጣ» የሚል ዓረፍተ ነገር የሰቀለ አለ። የሚመጣ ነገር የሚያመጣው አይፈልግም፣ በራሱ ይመጣል ብዬ እስካስረዳ ላቤ ጠብ አለ። ሌላው ግራጫና ሰማያዊ አንድ ላይ ሰቅሎ «ትናንት የሚሆን ነው» አለ፣ ወይም ያለ መሰለኝ።

አንዲት አዲስ ልጅ መጥታለች፤ አርባ ሁለተኛችን። ከገጠር ወደ አጎቷ ቤት ነው የመጣችው። አጎትየው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። በመስኮቱ በኩል ትቀመጣለች። ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አምጡ ስል የሷ ሁሉም ስለ ሥራ ነው፤ «ቤቱ በእኔ ይጠረጋል፤ ውኃው በእኔ ተቀድቷል፤ ልጁ በእኔ ይታጠባል።» አንድ ስሕተት የለበትም። «ሌላ ሠሪ የለም ወይ?» ብዬ ቀለድኩባት። ፈገግ አለችና አንድ ነገር አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ለዳይሬክተሩ አልነገርኩም። በጥር ሱፐርቫይዘር ይመጣል፤ እሱ ይለፍና እናያለን።

ወንድምሽ

ኅዳር 29

ለዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ ላለው ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ቁጣዬም ይከተለው።

ጨርቁ መጠቀሙ ደስ ብሎኛል። ሱቅ ያሉትን ሴቶች ሰብስቤ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። አንዷ «እኔም እንዲህ ቢያስተምሩኝ ትምህርቴን አልጥልም ነበር» ብላ ዓይኗ ዕንባ አቀረረ። ጎበዝ መምህር ነህ። ይህን ካልኩህ በኋላ የምለውን ሁሉ ቻለው።

ያ ራስ መነቅነቅህ አላማረኝም። አምና ክረምት እኔ ዘንድ የመጣህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ገበያ ላይ የቤት ዕቃ ሻጩ ሰውዬ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሲልህ ነቀነቅህለት። ማታ ደጄ ላይ ባለ ሁለት ሰው አልጋ፣ ከነመስታወቱ፣ በጋሪ ተጭኖ መጣ። «ወንድምሽ እሺ ብሎኛል» አለ ሰውዬው። ሚስት የሌለው ሰው ባለመስታወት አልጋ! ሰፈሩ ሁሉ ልትድሪው ነው ወይ ብሎ ሳምንት ሙሉ ጠየቀኝ። አንተ ግን «ስለ ዋጋው ብቻ የነገረኝ መስሎኝ» ብለህ ሸፈንከው፤ እኔ ሞኝም አመንኩህ። ያኔም አትሰማም ነበር ማለት ነው።

ያኔ ሳቅን። አልጋ ይመለሳል። ግን ወንድሜ፣ ራስ መነቅነቅ ፊርማ ነው። ያላነበብከው ወረቀት ላይ ትፈርማለህ ወይ? ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። አርባ ሁለት ልጆች በቀን ስንት ነገር ይሉሃል? አንዱ ሽንት ቤት ልሂድ ይልሃል፣ ይሁን። አንዱ ግን ሌላ ነገር ቢልህስ?

ያቺ አዲሷ ልጅ ፈገግ ብላ ያለችህ ምን ነበር? ጠይቃት። በሞቴ።

እህትህ

ጥር 9

እታለም፣

ይቅርታ፣ ዘገየሁ። ፈተና፣ እርማት፣ ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ። ጉንፋንም ይዞኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ።

ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ሄደ። ከኋላ ተቀምጦ አርባ ደቂቃ ሙሉ ጻፈ። ልጆቹ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳፈሩኝም። እጅ ያነሣ ሁሉ ሰሌዳው ጋ መጥቶ በጨርቅ ነው የመለሰው። ሰውዬው ሲወጣ እጄን ጨብጦ ብዙ ተናገረ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ስላለ እኔም ፈገግ አልኩ። በኋላ በወረቀት ሲመጣ «አርአያ የሚሆን የማስተማር ዘዴ» ይላል። አንቺ ብታዪው ብዬ ናፈቅሁሽ።

ስለ አዲሷ ልጅ ጠይቀሻል። የጠየቅሽኝን ልጠይቃት ነበር፤ ግን ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ሁለት ሳምንት ሆናት። ከመቅረቷ በፊት ባለው ሐሙስ ለዕረፍት ሲወጡ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ነበር። ልጆቹ በዙሪያዬ ይንጫጫሉ፣ እኔ ደብተር አርማለሁ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ስለነበር ከንፈሯን አላየሁትም። ረዘም አድርጋ ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ ስታየኝ ጥያቄ መሆኑን አወቅሁ። «እሺ፣ አይዞሽ» አልኳት። ፊቷ በራ፤ እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኳት። ፈተናው ከብዷት ይሆናል ብዬ ነው እሺ ማለቴ።

ስለ ሌላው በሚቀጥለው እጽፋለሁ።

ወንድምሽ

ጥር 18

ወንድሜ፣

ሰላምታ ዛሬ የለኝም።

ለፈተና ብላ የመምህር እጅ የምትስም ልጅ የት አየህ? ምን ብላህ ነው «እሺ» ያልካት? ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን፣ ሳትውል ሳታድር፣ ሂድና ጠይቅ። አብራት የምትቀመጥ ልጅ የላትም? አጎቷ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አይደለም ወይ ያለው?

ጉንፋን ይዞኝ ነበር ትላለህ። አውቅሃለሁ እኮ። ፈርተህ ነው ያልሄድከው።

እህትህ

የካቲት 3

ለእታለም፣

ልክ ነሽ። ፈርቼ ነበር። ደብዳቤሽ ከመምጣቱ በፊትም ሆዴ ያውቀው ነበር፤ ለዚህ ነው ስለ ሱፐርቫይዘሩ ያን ሁሉ የጻፍኩልሽ።

መጀመሪያ አብራት የምትቀመጠውን ልጅ ጠራሁ። «ጓደኛሽ ሐሙስ ለት የነገረችኝን እንዳልረሳው በወረቀት ጻፊልኝ» አልኳት። ልጅቷ አንድ ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ጻፈች። ወረቀቱ እዚህ ፊት ለፊቴ ነው። እንዳለ ልገልብጥልሽ፤

«መምህር፣ አጎቴ ከትምህርት ሊያስወጣኝ ነው። እሑድ አንድ ደላላ መጥቶ ለቤት ሠራተኝነት ትልቁ ከተማ ይወስደኛል። አጎቴ ክፉ አይደለም፣ ቤቱ ሞልቶበት ነው። እርስዎን በጣም ያከብራል። መምህርሽ ራሱ መጥቶ ጎበዝ ናት፣ ትማር ካለኝ እተዋለሁ ብሏል። ቅዳሜ ቤት መጥተው ያነጋግሩልኛል? ይመጣሉ?»

እኔም እሺ፣ አይዞሽ አልኳት።

ወደ አጎቷ ሄድኩ። በር እየበየደ ነበር። መሣሪያውን አጥፍቶ መነጽሩን አነሣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለማላውቀው ሰው «ጆሮዬ አይሰማም፣ ይጻፉልኝ» አልኩት።  ከዚያ ብረት የሚያሰምርበትን ጠመኔ አንሥቶ ሊቆርጠው ባስቀመጠው ላሜራ ላይ ጻፈልኝ። «ቅዳሜ ሙሉ ቀን ጠበቅንዎት።» ልጅቷ ግቢውን ጠርጋ፣ ወንበር አውጥታ፣ የአጎቷን ሚስት ልብስ አስለውጣ በሩ ላይ ዋለች። እሱም ሱቁን ዘግቶ ነበር፣ መምህር ሊመጣ ነው ብሎ። ሲመሽ ወንበሩን ራሷ አስገባችው።

በእጅጌው ጠረገውና እንደገና ጻፈ። «ቢመጡ ኖሮ አልሰድዳትም ነበር። እርስዎ ካልመጡ ተስፋ የላትም ማለት ነው ብዬ ነው።»

እታለም፣ እኔ ያን ቅዳሜ ቤቴ ነበርኩ። ደብተር ሳርም ነው የዋልኩት። ከቤቱ እስከ ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

መልሷት አልኩት። የደላላው ስልክ አይነሳም፤ ሲወስዳት የነገረው ይህን ብቻ ነው፤ ባንቺ ከተማ፣ ከውኃ ማማው በታች፣ አረንጓዴ በር ያለው ባለ ፎቅ ቤት። ካንቺ ሱቅ ሩቅ አይደለም መሰለኝ። አፈር ልብላልሽ፣ ፈልጊያት። መምህሩ ሳይሰማሽ ነው እንጂ ንቆሽ አይደለም በያት። ሌላ ምንም ባይሆን ይህን ትወቅልኝ።

ወንድምሽ

መጋቢት 11

ለወንድሜ፣

ደህና ነህ ወይ? ትበላለህ ወይ? ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። መዘግየቴን ይቅር በለኝ።

አገኘኋት። ከውኃ ማማው በታች አረንጓዴ በር አምስት ነው ያለው፤ ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። እመቤቲቱ ከሳሎን ነበረች፤ ዘበኛው «አምስት ደቂቃ» ብሎ ጠራልኝ። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ሆኖ መጣች። እኔ ትንሽ ልጅ ጠብቄ ነበር፤ ከኔ ትረዝማለች። የመምህርሽ እህት ነኝ ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን መሰለህ? «መምህር ተሻላቸው?» አለችኝ። አሟቸው ነው የቀሩት ብላ ለአጎቷም ለደላላውም የነገረችው እሱን ነው። ሌላ ምክንያት አልመጣላትም።

እውነቱን ነገርኳት። እንደማትሰማ፣ ስንት ጊዜህ እንደሆነ፣ ያን ቀንም አንዲት ቃል እንዳልሰማህ።  አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ «ሌሎቹ ያውቁ ነበር ወይ?» አለችኝ። ማንም አያውቅም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እመቤቲቱ ተጣራች፣ ገባች።

ቤት ተመልሼ በሷ ቁመት ዩኒፎርም ሰፋሁ። የተማርሁት የለኝም፣ የማውቀው መስፋት ነው። አጎቷ ልጄን መልሱልኝ የሚል ወረቀት ይላክ፣ እኔ ቆሜ አስወጣታለሁ፣ እኔው ዘንድ ሆና ትማራለች ብዬ ከሰውዬዬ ጋር ጨርሼ ነበር። በሳምንቱ ዩኒፎርሙን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው «ያቺማ ሄደች» አለኝ። ሰው እየመጣ የሚጠይቃትን ሠራተኛ አልፈልግም ብላ እመቤቲቱ ለደላላው መለሰቻት። ደላላው ወደ ሌላ ከተማ ወስዷታል፤ የትኛው እንደሆነ ዘበኛው አያውቅም፣ እመቤቲቱም በሯን አልከፈተችልኝም። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የደላላውን መልክ የሚያውቅ እንጂ ቤቱን የሚያውቅ አላገኘሁም።

እኔ ባልሄድ እዚያው ትኖር ነበር። አስበው እስቲ። አንተ ባለመሄድህ፣ እኔ በመሄዴ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላሉ፣ እውነት ነው። እሷ የጠየቀችኝን ጥያቄ ግን መልስልኝ፤ ከአንጀቴ አልወጣ አለኝ። ልጆቹ ያውቁ ነበር ወይ? ዋሽቻት ይሆን?

እህትህ

መጋቢት 27

ለእታለም፣

ሰላም ሁኚልኝ። ራስሽን አትውቀሺ። በዚህ ነገር የሚወቀስ ሰው አንድ ነው፣ እሱም ደብዳቤ እየጻፈልሽ ነው።

ሰኞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ነገርኩት። በወረቀት «ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ብሎ ጻፈልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ከሚመጣው ወር መጀመሪያ ክፍል አልገባም። የት እንደምሆን ገና አልተወሰነም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ ስምንተኛ ለ ገባሁ። የሚመጣውን፣ ሰማያዊውን ልንጨርስ ነበር። ካርቶኖቹን ሳልሰቅል ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። «እኔ አልሰማም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ደብቄያችሁ ነበር። ይቅርታ።» ዞር ብዬ ፊታቸውን አየሁ። መደንገጥ ጠብቄ ነበር። አንድም ልጅ አልደነገጠም። እርስ በርሳቸው ተያዩና ሁሉም ወደ ክፍል አለቃቸው፣ ወደ ረዥሟ ልጅ ዞሩ። ተነሥታ መጥታ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደችና ከጽሑፌ በታች ጻፈች። «እናውቃለን፣ መምህር።»

ስለዚህ ዋሽተሻታል፣ እታለም። ሳታውቂ ነው።

ከአምና ጀምሮ ያውቃሉ። ፊታቸውን ወደኔ ማዞራቸው፣ ሰሌዳው ድረስ መምጣታቸው፣ ሱፐርቫይዘሩ ፊት ያን ያህል ጨዋ መሆናቸው ሁሉ ተመካክረው ነው። እኔ ጥሩ አስተማሪ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ካወቀ ይወስድብናል ብለው ለማንም ላለመናገር ተማምለዋል። አዲሷ ልጅ ስትመጣ ማን እንደሆነች አላወቁም፣ ለቢሮ ትናገራለች ብለው ፈሩ። አልነገሯትም። ሐሙስ ለት አብራት የምትቀመጠውን ልጅ «ለመምህር ልንገራቸው ወይ?» ብላ አማክራታለች። ልጅቷ «ንገሪያቸው፣ ጥሩ ሰው ናቸው» አለቻት። በወረቀት ጻፊው ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ምላ ስለነበር ዋጠችው። ያን ወረቀት የጻፈችልኝ ቀን ለምን እንዳስጻፍኳት አውቃለች፤ ያን ጊዜም ማለቷን አልረሳችም። ይህን ሁሉ አለቃዋ ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ ልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ታለቅስ ነበር። ማንም አልወቀሳትም፣ እኔ ምን አፍ አለኝና።

እንዴት እንዳወቁ ግን አልገባኝም። እኔ እኮ ተጠንቅቄ ነበር። «በምን አወቃችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።  አለቃዋ ሰሌዳውን ጠርጋ ጻፈች፤

«አምና እናቴ ሞታ ሳምንት ቀርቼ ስመለስ፣ የት ነበርሽ ብለው አስነሡኝ። እናቴ ሞታብኝ ነው አልኩዎት። እርስዎ ራስዎን ነቅንቀው በጣም ጥሩ፣ ተቀመጪ አሉኝ። ያን ቀን ነው ሁላችንም ያወቅነው። አልተቀየምኩም።»

ጽፋ ጨርሳ ጠመኔውን አስቀመጠችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ግን አልተቀመጠችም። መምህር ሳይፈቅድ አይቀመጥም ብዬ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ክፍሉ ሁሉ እኔን ያያል፣ እሷ ቆማለች። ተቀመጪ የሚለውን ቃል ለማውጣት ታገልኩ፣ እታለም፣ አልወጣልኝም። ደወሉ ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ እዚያው ቆማ ነበር።

ወንድምሽ